በሽተኛ እንዳይወድቅ የማደርገው

በሽተኛ ከአልጋው ተነስቶ ለምን ይወድቃል ብትሉኝ፣ መጀመሪያ የምጠራው ሽንትን ነው። ሌሊት ሽንት የወጠረው ሰው ነርስ መጥራት ያፍራል። ግሉኮስ እንደተሰካለት፣ በካልሲ ብቻ፣ በጨለማ ብድግ ይላል። ስለዚህ ደወሉን አሳይቶ «ሲፈልጉ ይጥሩኝ» ማለት ብዙም አላዋጣኝም። ቀድሜ መጠየቅ ጀመርኩ፦ ሲነቁ፣ ከምግብ በኋላ፣ ከመተኛታቸው በፊት። «ሽንት ቤት ይፈልጋሉ?» ስላቸው «አይ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። «አባባ፣ እስቲ ደርሰን እንምጣ» ስል ግን ይነሳሉ። የሚያሸና መድኃኒት ከሰጠሁ ደግሞ ሰዓቱን እይዛለሁ። ፉሮሰማይድ በደም ሥር ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ በአፍ ሲሆን ለመጀመር እስከ 1 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ሲነሱ አላጣድፍም። መጀመሪያ እግራቸውን አውርደው ይቀመጣሉ፤ ካላዞራቸው ይቆማሉ። ከተጠራጠርኩ ግፊታቸውን ተኝተው እለካለሁ፣ ከቆሙ በኋላም በ3 ደቂቃ ውስጥ እደግማለሁ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ብቻቸውን አይሄዱም።

ገላ ሳጥብና አንሶላ ስቀይር ለወገቤ ብዬ አልጋውን ከፍ አደርጋለሁ። አደገኛዋ ሰዓት ይህች ናት። ሳገላብጥ ወደ ራሴ ነው፤ በማዶ በኩል የአልጋው የጎን መከለያ ከፍ ብሎ። ፎጣ ከጎደለኝ ሰው እጠራለሁ እንጂ ጥዬ አልሄድም። ስጨርስ አልጋው ይወርዳል፣ ፍሬኑ ይያዛል። መነጽር፣ ውኃና ስልክ እጃቸው በሚደርስበት ይቀመጣል።

ከአስታማሚ ጋር የምንጨቃጨቀው በመከለያው ነው። «ሁሉንም አንሱልን፣ ካልሆነም እሰሩት» ይላሉ። ግራ የተጋባ ሰው መከለያውን ተሻግሮ ሲወድቅ ከፍታው ይብሳል። ማሰር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሰውየው ሲታገል ራሱን ይጎዳል። አልጋውን ዝቅ አድርጌ ለነርሶች ዴስክ ቅርብ ማድረግና አስታማሚውን አጠገቡ ማስቀመጥ ይሻለኛል።

በሽተኛው ለመውደቅ ምን ያህል እንደተጋለጠ በነጥብ የሚለካውን የሞርስ መመዘኛ እሞላለሁ። 6 ጥያቄ ነው፤ ቀድሞ ወድቆ ያውቃል የሚለው ብቻውን 25 ነጥብ አለው። ግን ነጥቡ ካርድ ላይ ተጽፎ ቢቀር ምን ዋጋ አለው? ለተረኛ ሳስረክብ «አልጋ 4 ሌሊት ሳይጠሩ ይነሳሉ» እላለሁ።

ከወደቁ ግን ተሯሩጬ አላነሳም። ባሉበት ጭንቅላታቸውን፣ አንገታቸውንና ዳሌያቸውን አያለሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ምንም አልሆንኩም ቢሉኝም ወዲያው ሐኪም እጠራለሁ።