ፖሙ ሳያልቅ የደረሰ በዓል

ከቶሮንቶ ሲምኮ፣ እዚያው ካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ያለች ትንሽ ከተማ፣ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተነስተን አራት ሰዓት ግድም ፈጀብን። የቶሮንቶ ሰው ሁሉ ተነጋግሮ በአንድ ሰዓት የወጣ ነው የሚመስለው። መኪናውን የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ባል ነው። ካናዳዊ ነው፤ ወላጆቹ ሲምኮ አጠገብ ይኖራሉ። "የበዓሉ ዓርብ ሁሌም እንዲህ ነው" እያለ በትዕግሥት ይነዳል። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ሲዘጋጋ ቢያንስ ቆሎና ውሃ የሚሸጥ ልጅ በመስኮት ብቅ ይላል፤ ሰው ከሰው ያወራል። እዚህ ሁሉም መስኮቱን ዘግቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አክስቴ ከኋላ ወንበር ላይ ጸሎቷን ጨርሳ፣ እንቅልፏንም ጨርሳ፣ "ገና ነን?" ስትል ሃሚልተን እንኳን አልደረስንም።

የምንሄደው ለምስጋና በዓል ነው። ካናዳዊያን በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ ያከብሩታል፤ በእኛ መስከረም ሲያልቅ ወይም ጥቅምት ሲገባ ማለት ነው። የአሜሪካኖቹ ታንክስጊቪንግ ኅዳር ላይ ነው። ካናዳ ወደ ሰሜን ስለሆነች ብርዱ ቀድሞ ይመጣል፣ ምርቱም ቀድሞ ይሰበሰባል። ይኼ ነገር ለእኔ ገራሚ ነበር። እኛ አገር በጥቅምት እህሉ ገና እሸት ነው፤ አጨዳውና ውቂያው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። መስቀልንም እሬቻንም የምናከብረው ክረምቱ ወጣልን ብለን ነው። እነሱ የሚያመሰግኑት የበረዶው ክረምት ሳይገባባቸው ጎተራው ስለሞላላቸው ነው።

ብራንትፎርድን አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ የአክስቴ ልጅ ባል በግራ በኩል ጠቆመኝ። በዚያ አቅጣጫ የሲክስ ኔሽንስ መሬት አለ፤ ሆደናሾኒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች አገር። እነሱ ለምስጋና አንድ ቀን አልለዩም። ሰዎች ሲሰበሰቡ ከሁሉ በፊት አንድ ሰው ቆሞ ያመሰግናል፦ ሰውን፣ ምድርን፣ ውሃውን፣ ዓሣውን፣ አዝርዕቱን፣ ዛፉን፣ ነፋሱን፣ ነጎድጓዱን፣ ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ ከዋክብትን፣ መጨረሻ ላይ ፈጣሪን። አውሮፓዊ እዚያ ምድር ሳይረግጥ በፊት የነበረ ልማድ ነው። አክስቴ ይኼን ስትሰማ ከእንቅልፏ ነቃ ብላ "እንዲህ ነው እንጂ" አለች።

የባልየው ወላጆች ቤት በልጅና በልጅ ልጅ ስለሞላ እኔ ሞቴል ያዝኩ። ያ ሌሊት እስካሁን ይቆጨኛል። ስልኬ ላይ ያየሁት ዋጋ 139 ዶላር ነበር። ስደርስ "የበዓል ቅዳሜና እሑድ ነው" ተብሎ 189 ሆነ። ኦንታሪዮ ውስጥ ደግሞ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፤ ስትከፍል 13 በመቶ ታክስ ይጨመርበታል። ከ210 ዶላር በላይ ለአንድ ሌሊት! ማሞቂያው በየአሥር ደቂቃው ብረት በመዶሻ እንደሚመታ ሰው ይንኳኳል። ሳጠፋው በረደኝ፤ ሳበራው እንቅልፍ የለም። ጎረቤት ክፍል ያሉት ደግሞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይዘፍኑ ነበር። እንግዳ ተቀባይነት ከሚነገርለት አገር በምስጋና ሳምንት ዋጋ መጨመር አይጠበቅም። እንግዳ መሆኔን እያወቁ ነው የጨመሩብኝ፤ ይኼ ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲምኮ ባለችበት አውራጃ፣ የኖርፎክ ካውንቲ ትርዒት ላይ ነበርን። እ.ኤ.አ. ከ1840 ጀምሮ የሚካሄድ የገበሬዎች ትርዒት ነው፤ የሚያበቃውም በምስጋናው ሰኞ ነው። ፈረስ፣ ላም፣ በግ፣ የተማሪዎች ሥዕል፣ የእናቶች ማርማላታ፣ ሁሉም በየረድፉ ተደርድሮ ሪባን ይሰጠዋል። ሰው የሚጨነቀው ለገዛ ዱባው ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሦስት ሰው የማያነሳው ዱባ አጠገብ ቆሞ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ዘሩን መቼ እንደዘራው ያስረዳል። እኔንም አስረዳኝ፣ እኔም ከልቤ ሰማሁት። ስንመለስ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ዱባ አየን። ሻጭ የለም። የገንዘብ ቆርቆሮ ብቻ ተቀምጧል፤ አንዱ 5 ዶላር ተብሎ ተጽፏል። ከፍለን ሁለት ወሰድን። ጠዋት ሞቴሉ ያናደደኝን ያ ቆርቆሮ አበረደልኝ።

ማታ የቤቱ አባት ስለ በዓሉ አጫወቱኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ታሪክ ሲናገሩ ዓመተ ምሕረቱን አይስቱም። እ.ኤ.አ. በ1578 እንግሊዛዊው ማርቲን ፍሮቢሸር ዛሬ ኑናቩት በሚባለው የበረዶ ምድር በሰላም በመድረሱ ምስጋና አቀረበ። ካናዳ አገር ከሆነች በኋላ የመጀመሪያው የምስጋና ቀን በ1872 ነው፤ እሱም የመኸር አልነበረም፣ የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ከበሽታ በመዳናቸው ነው። በ1879 በየዓመቱ እንዲከበር ተወሰነ። ቀኑ ግን ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ፣ በ1957 ነው መንግሥቱ ለምርቱ በረከት ፈጣሪን የሚያመሰግኑበት ብሎ በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ ያጸናው። ዛሬም ሁሉም ጋ እኩል አይደለም። በአትላንቲክ ዳር ያሉት ክፍለ ሀገራት እንደሌላው ቦታ አስገዳጅ የሥራ መዝጊያ አላደረጉትም፤ ኩቤክም ብዙ አያደምቁትም። ኦንታሪዮ ግን አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል።

እሑድ ማለዳ ደግሞ የጉዞዬ ትልቁ ነገር ሆነ። ከሞቴሉ በእግሬ ወጥቼ ቲም ሆርተንስ የሚባል ካፌ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ካርዴን ማሽኑ አልቀበልም አለ። ጥሬ ገንዘብ አልያዝኩም፤ ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው። ከኋላዬ የቆሙት ጠና ያሉ ሰው ምንም ሳይሉ እጃቸውን አሻግረው በራሳቸው ካርድ ከፈሉልኝ። "ለሁለታችንም" አሉ ለአስተናጋጇ። አብረን ተቀመጥን። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ጃማይካዊ ናቸው። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1966 ኪንግስተን ሲገቡ፣ በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 መሆኑ ነው፣ እናታቸው ገና ልጃገረድ ነበሩ። ከገጠር በጭነት መኪና ተጭነው ኤርፖርት ሄደው አይተዋቸዋል። ሰውዬው ራስታ አይደሉም፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው። ግን እናታቸው ያንን ቀን እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሩት ኖረዋል። አንድ ቡና ጠጥቼ ልሄድ አስቤ ነበር፤ ሁለተኛውን ደገምን።

የሚሠሩት የፖም እርሻ ላይ ነው። በየዓመቱ ብርዱ ሲያልፍ ይመጣሉ፤ ለቀማው ሲያልቅ ይመለሳሉ። የወቅት ሠራተኞች ፕሮግራም ይባላል። ቢበዛ ስምንት ወር ነው፤ ዲሴምበር 15 ሳይደርስ መውጣት ግዴታ ነው። ፕሮግራሙ የተጀመረውም በዚያው በ1966 ነው፤ መጀመሪያ የመጡት 264 ጃማይካውያን ነበሩ። በ1974 ሜክሲኮዎች ተጨመሩ። ሰውዬው ከ20 ዓመት በላይ ተመላልሰዋል። ትንሿ ልጃቸው ስትወለድ እዚህ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ስትገባም እዚህ ነበሩ፤ ስትመረቅም በቪዲዮ ነው ያዩዋት። ይኼን ሲነግሩኝ ሳያማርሩ ነው። ቤት ሠርተዋል፣ ልጆች አስተምረዋል። "የነገውን በዓል እንዴት ታከብራላችሁ?" አልኳቸው። "ነገ እንለቅማለን" አሉኝ። "ውርጭ ሳይቀድመን።"

ዋትስአፕ ተለዋውጠን ተለያየን።

ማዕዱ የተቆረሰው በዚያው እሑድ ከሰዓት ነው። ቀኑ ሰኞ ቢሆንም ብዙ ቤተሰብ እሑድ ነው የሚበላው፤ ሰኞ መንገድ አለና። ተርኪው፣ የበዓሉ ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ፣ ከማለዳ ጀምሮ ኦቨን ውስጥ ነበር። የቤቱ እናት መለኪያ ወግተው 82 ዲግሪ እስኪደርስ አላወጡትም። የቆረጡት አባትየው ናቸው፤ ነጩን ሥጋ ነው ጥቁሩን ብለው እያንዳንዱን ሰው ይጠይቃሉ። የተፈጨ ድንች፣ ግሬቪ የሚባለው የሥጋ መረቅ፣ ክራንቤሪ ከሚባል ጎምዛዛ ቀይ ፍሬ የተሠራ ሶስ፣ በሽንኩርትና ሴጅ በሚባል ቅጠል የታሸ የዳቦ ስታፊንግ። እውነቱን ለመናገር ከተርኪው ይልቅ ስታፊንጉን ወደድኩት። የተርኪው ደረት ደረቅ ነው፤ የዶሮ ወጥ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል።

አክስቴ ጽጌን ትጾማለች። የፈቃድ ጾም ቢሆንም ከልጅነቷ ጀምሮ አላቋረጠችም። እኔ ሰው ቤት ሄዳ ዳቦ ብቻ ትበላለች ብዬ ስጨነቅ፣ የቤቱ እናት ለብቻው የተዘጋጀ ትሪ ይዘው መጡ። በዘይት የተጠበሰ ዱባ፣ ካሮት፣ ባቄላ፣ ቅቤ ያልነካው ድንች። ከምራታቸው ጠይቀው፣ ጽፈው፣ መጥበሻውን ሳይቀር ለይተው ነው ያዘጋጁት። እንጀራ የለም፣ በርበሬ የለም፤ ግን ከአክስቴ ፊት እንዳየሁት በዓመት በዓል ቤቷ ከሚቀርበው አላነሰባትም።

ከመበላቱ በፊት አንድ ልማድ አላቸው። በየተራ ምን እንደሚያመሰግኑ ይናገራሉ። የመጀመሪያው የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ውሻውን አመሰገነ። አንዷ ዘንድሮ አባቷን ያጣች ናት፤ መናገር አቅቷት ጎረቤቷ እጇን ያዘላት። ማንም አላጣደፋትም። እኛ በበዓል ቀን "እንኳን አደረሰህ" ብለን ሁሉን በአንድ ቃል እንጠቀልለዋለን፤ እነሱ ዝርዝሩን ያወጡታል። ይኼን ልማዳቸውን በጣም ወደድኩት። አክስቴ ተራዋ ሲደርስ ተነሳችና እጇን ዘርግታ መረቀች። "ቤታችሁ አይጉደል፣ እህላችሁ ይባረክ፣ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።" ልጇ ተረጎመች። ጠረጴዛው በሙሉ አሜን አለ።

እኔ ያመሰገንኩት ቡና የከፈሉልኝን ሰው ነው። ታሪካቸውንም ነገርኳቸው። የሚበሉትን ፖም የሚለቅመው ሰው ነገ ሥራ ላይ እንደሆነም ሳልደብቅ ተናገርኩ። የምስጋና ቀን ላይ ምርቱን የሰበሰበው እጅ ከማዕዱ ሲጎድል ልክ አይመስለኝም፤ ይኼንንም አልኩ። ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አባትየው ሹካቸውን አስቀምጠው ተናገሩ። ኖርፎክ ያኔ የትምባሆ አገር ነበር፤ እሳቸውም የገበሬ ልጅ ናቸው። ልጅ ሆነው ጃማይካውያኑ ጎረቤት እርሻ ላይ ሲሠሩ ያውቋቸዋል፣ አብረዋቸው ትምባሆ አስረዋል። "አንድም ቀን ግን ቤታችን ገብተው አልበሉም" አሉ። የቤቱ እናት ምንም አልተናገሩም። ማታ ሳህን ሲታጠብ ግን አንድ ትልቅ ካርቶን አውጥተው ተርኪውን፣ ስታፊንጉን፣ አንድ ሙሉ የዱባ ፓይ ሳይቆርሱ አሸጉ።

ሰኞ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ የሚሰማው የፉትቦል ጨዋታ የቲቪ ድምፅ ብቻ ነው። ስንመለስ በእርሻው በኩል ዞርን። ሰዎቹ መሰላል ላይ ናቸው፤ ሰውዬው ከሩቅ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ካርቶኑን መኖሪያቸው ወጥ ቤት ውስጥ ትተን ሄድን። ወደ ቶሮንቶ ያለው መንገድ እንደ ዓርቡ ነበር።

ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ። "ለስምንት ተካፈልነው" ይላል መልእክቱ። "ፓዩን የሠሩት ማን ናቸው? ማመስገን እንፈልጋለን።" የቤቱን እናት አስፈቅጄ ቁጥራቸውን ላክሁላቸው።