ኩርሽም እንዲል፦ የስድስት ወር የመክሰስ ማስታወሻዬ

ሁለት መቶ የፈንዲሻ ፍሬ አንድ በአንድ ቆጥሬ ድስት ውስጥ ከተትኩ። ፈንድቶ ሲያልቅ ከሥር የቀሩትን ለቅሜ ቆጠርኩ፤ 58 ናቸው። ይህን ቁጥር በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍኩት የዛሬ ስድስት ወር ነው። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ በየአገሩ የሚቆረጠመውን መክሰስ ቤት ውስጥ እየሠሩ መማር። ኬክና ጣፋጭ የለበትም፤ ጥርስ ሥር ኩርሽም የሚለውን ብቻ። ደብተሩ አሁን ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል። እናንተም ይኸው አባዜ ስላለባችሁ የተሳካውንም የከሸፈውንም እንዳለ ላካፍላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ፈንዲሻው መጀመሪያ ያሳበብኩት በእሳቱ ነው። እሳት ጨመርኩ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ ድስት ቀየርኩ። የጨመረው ነገር ቢኖር የሚያረው ፍሬ ብቻ ሆነ። ጉዳዩ ያለው ከፍሬው ሆድ ውስጥ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ጥሩ የፈንዲሻ በቆሎ ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ውኃ ይይዛል። ልጣጩ ጠንካራና እንፋሎት የማያሳልፍ ስለሆነ፣ ፍሬው ሲግል ውኃው መውጫ አጥቶ ይታፈናል፤ ስታርቹም (ዱቄታማው ክፍሉም) ይላላል። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ልጣጩ ግፊቱን መቻል ያቅተውና ይፈነዳል፤ የላላው ስታርች በቅጽበት እንደ አረፋ ይነፋና እንደተነፋ ይደርቃል። እንግዲህ ውኃውን ያጣ ፍሬ፣ ወይም ልጣጩ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለበት፣ የፈለገው እሳት ቢነድበት አይበገርም።

የእኔ በቆሎ ክዳኑ በማይገጥም ዕቃ ውስጥ ወራት የከረመ ነበር። ግማሽ ኪሎውን ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጠብ አደረግኩበት፤ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ሦስት ቀን በየሰዓቱ እየናጥኩ አቆየሁት። እንደገና 200 ቆጠርኩ። የቀሩት 19! አንድ ማንኪያ ውኃ የሠራውን ሥራ አዲስ ድስት ሊሠራው አልቻለም።

በነገራችን ላይ በፔሩ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ፣ ፓሬዶኔስ እና ዋካ ፕሪዬታ በሚባሉ ሥፍራዎች፣ ዕድሜያቸው እስከ 6,700 ዓመት የሚደርስ የበቆሎ ቅሪቶች ተገኝተዋል፤ ሰዎቹ ፈንዲሻም ይበሉ እንደነበር አጥኚዎቹ ጽፈዋል። ሸክላ ድስት ወደዚያ አካባቢ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። እኔ ቴርሞሜትር ይዤ 58 አስቀርቻለሁ።

ወደ ድንች ቺፕስ ስሻገር ውኃውን እንደ ወዳጅ ይዤው ነበር፤ ተሳሳትኩ። ጥሬ ድንች ከአምስት እጅ አራቱ ውኃ ነው፤ የተጠበሰ ቺፕስ ውስጥ የሚቀረው ሁለት በመቶ እንኳን አይሞላም። ሥራው በሙሉ ውኃ ማባረር ነው። ዘይት ውስጥ የሚንተከተከው አረፋ ዘይቱ የፈላ ይመስላል እንጂ ከድንቹ እየሸሸ ያለ እንፋሎት ነው። አሁን ሰዓት ማየት ትቻለሁ፤ የማየው አረፋውን ነው። መጀመሪያ ትልልቅና ጩኸታም ነው፣ ቀጥሎ እየደቀቀ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ጭል ጭል ብሎ ዝም ሊል ሲቃረብ ማውጣት።

የመጀመሪያው ዙር ግን ውጪው ጠቁሮ ምሬት ይዞ ወጣ። ጥፋቱ ከመጥበሱ በፊት የተሠራ ነበር፤ ድንቹን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት አስቀምጬዋለሁ። ድንች ሲቀዘቅዝ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ ደግሞ ዘይት ሲነካው ከአሚኖ አሲዶች (ከፕሮቲን መገንቢያዎች) ጋር ተዋህዶ ቶሎ ይጠቁራል። ይህ ለውጥ በ1912 በገለጸው ፈረንሳዊ ኬሚስት በሉዊ ካሚይ ሜያር ስም ይጠራል። የዳቦ ቅርፊት ሽታም ከዚያው የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሆኖም በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች በከፍተኛ ሙቀት በተጠበሱ ስታርች በበዛባቸው ምግቦች ውስጥ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ሊሆን የሚችል ኬሚካል እንደሚፈጠር ይፋ አድርገዋል፤ የጠቆረ ቺፕስ ደግሞ የበለጠ ይይዛል። ስለዚህ ድንቼን ጨለማና መጠነኛ ሙቀት ያለበት ቦታ ነው የማስቀምጠው፤ ከትፌ ውኃው እስኪጠራ አጥባለሁ፣ በፎጣ አደርቃለሁ፣ ወርቅማ ሲሆን አወጣለሁ። ቡናማ ማድረግ ጀግንነት አይደለም።

የቺፕስ አፈጣጠር ተረትን ሳታውቁት አትቀሩም፤ በ1853 በአሜሪካ ሳራቶጋ ስፕሪንግስ ጆርጅ ክረም የሚባል ወጥ ሠሪ፣ «ድንቹ ወፍራም ነው» እያለ የሚመልስበትን ደንበኛ ለማናደድ እንደ ወረቀት አሳስቶ ጠበሰለት የሚባለውን። ክረም በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ ታሪኩ ግን አይቆምም። በ1817 ለንደን ውስጥ የታተመው የዊልያም ኪችነር የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ ድንችን በስሱ ከትፎ በስብ ስለ መጥበስ ያስተምራል። ቢሆንም የተናደደ ወጥ ሠሪ ያለበት ታሪክ ከመጽሐፍ ገጽ የበለጠ ይጥማል፤ ለዚህ ይመስለኛል ያልሞተው።

በሦስተኛው ወር አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ዳቦ ሲያድር ይደርቃል፤ ቺፕስና ብስኩት ሲያድሩ ይለሰልሳሉ። ለምን? የደረቀ ስታርች ከመስታወት ይመሳሰላል፤ ጠጣር ነው፣ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ ይሰበራል። ከአየር ጥቂት እርጥበት ሲጠጣ ግን መታጠፍ ይጀምርና ድምፁ ይጠፋል። ዳቦ ደግሞ ከመጀመሪያው እርጥብ ስለሆነ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1991 ጃፋ ኬክ የሚባለው መክሰስ ኬክ ነው ወይስ ብስኩት ተብሎ ለግብር ክርክር ሲቀርብ ዳኛው ካዩዋቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፤ ሲያድር ይጠነክራል፣ እንግዲህ ኬክ ነው ተባለ። በቸኮሌት የተሸፈነ ብስኩት ግብር ይከፈልበት፣ ኬክ ግን አይከፈልበት ስለነበር ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ለእኛ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር፦ የለሰለሰ ቺፕስ አትጣሉ። 120 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ አምስት ደቂቃ ከቆየ ይመለሳል፤ የሄደ ነገር የለምና፣ የገባ እንጂ።

ድምፁም ከምግቡ እኩል ይበላል ለካ! በ2004 ማሲሚሊያኖ ዛምፒኒ እና ቻርልስ ስፔንስ በኦክስፎርድ ሰዎችን ማይክሮፎን ፊት አስቀምጠው ፕሪንግልስ የሚባለውን፣ በረጅም ክብ ቆርቆሮ የሚሸጠውን የድንች ቺፕስ አስነከሷቸው፤ የንክሻውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ከፍ አድርገው ሲመልሱላቸው፣ በተለይ ቀጭኑን የድምፅ ክፍል ሲያጎሉት፣ ያው ቺፕስ ይበልጥ ትኩስና ደረቅ መሰላቸው። ሥራው በ2008 ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ መጀመሪያ የሚያስቅ ቀጥሎ የሚያሳስብ ጥናት የሚሸለምበትን ሽልማት አግኝቷል። እኔም ሞከርኩት፤ ሙዚቃ ጆሮዬ ላይ አጩኼ የራሴን ቺፕስ ብበላ ያደረ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ የምቀምሰው በጸጥታ ነው። (ፕሪንግልስን ካነሳን አይቀር፣ የቆርቆሮውን አሠራር የፈጠረው ፍሬድሪክ ባወር በ2008 ሲሞት፣ በኑዛዜው መሠረት የአስከሬኑ አመድ ከፊሉ እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ተደርጎ ተቀብሯል። ሥራውን መውደድ እንዲህ ነው።)

ፕሬዝል (እንደ ቋጠሮ የተጠማዘዘው የጀርመኖች መጋገሪያ) ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ። ያን የሚያብረቀርቅ ቡናማ ቆዳና የተለየ ጣዕም የሚሰጠው ሊጡ ከመጋገሩ በፊት የሚነከርበት አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ጀርመኖች ቆዳ የሚያቃጥለውን ኮስቲክ ሶዳ ይጠቀማሉ። እኔ እሱን ቤት ውስጥ አላስገባም አልኩ። ምትኩ ቤኪንግ ሶዳን መጋገር ነው፦ 100 ግራም ትሪ ላይ ዘርግቼ በ140 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየሁትና መዘንኩት፤ 64 ግራም። የጎደለው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሄዷል፤ የቀረው ኃይለኛ የሆነው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል። በአሉሚኒየም ዕቃም አትበጥብጡት። እኔ በጥብጬ ጎድጓዳ ሳህኔ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ፕሬዝሎችም አብረው ተደፉ።

አሁን ብዙ ወደተሰቃየሁበት ልምጣ፦ ክሩፑክ። ኢንዶኔዥያውያን የካሳቫ ስታርችና የተፈጨ ሽሪምፕ ለውሰው፣ እንደ ዱላ ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ሲቀዘቅዝ አሳስተው ይከትፉና ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የደረቀው ቁራጭ ጠንካራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሸክላ የሚመስል ነገር ነው። የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያ ከጠርዙ ጀምሮ እየተጠማዘዘ ይከፈታል፣ ይነጣል፣ ስፋቱ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይንሳፈፋል። ቪዲዮ ላይ ስታዩት አስማት ነው።

የእኔ አስማት አልሠራም። አንደኛው ዙር አንድ ቀን ብቻ ስለደረቀ ጠርዙ ተነፍቶ መሀሉ እንደ ማስቲካ ቀረ። «ገባኝ፣ ውኃው አላለቀም» ብዬ ሁለተኛውን ኦቭን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አደረቅኩት። ጠዋት ዘይት ውስጥ ስከተው ትንሽ ተጠማዝዞ እንደ መስታወት ስባሪ ቁጭ አለ፤ ጥርሴን ሊሰብረው ነበር። ደብተሬ ላይ በትልቁ «ውሸታም!» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

መልሱ የተገኘው ወደ ኋላ ገልጬ ያን 58 የሚል ገጽ ሳይ ነው። ክሩፑክ የድንች ቺፕስ ዘመድ አይደለም፤ የፈንዲሻ ዘመድ ነው። የሚነፋው ውስጡ በቀረችው ጥቂት ውኃ ነው፣ አሥር በመቶ አካባቢ። ስትበዛ አይደርቅም፣ ስታልቅ የሚገፋው የለም። ሦስተኛው ዙር ላይ በሚዛን ሠራሁ፦ እርጥቡን 100 ግራም መዘንኩና በየጥቂት ሰዓቱ እየመዘንኩ 61 ግራም ሲደርስ ማድረቁን አቆምኩ። ቁራጩን በጣት ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ዘይቱን 185 ዲግሪ አድርጌ አንዱን ጣልኩ። ተከፈተ! ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ቁጥሩ የእኔ ሊጥ ቁጥር ነው፤ እናንተ ውኃ ካበዛችሁ ይለያያል፤ ግን በሚዛን ሥሩ፣ በቀን አትቁጠሩ።

አንድ ችግር ልንገራችሁ። ስድስት ወር ሙሉ እየቀመስኩ ስለኖርኩ ሲመሽ ምግብ አልበላ አለኝ፤ ያኔ ነው ሌሎች መቼ እንደሚቆረጥሙ ማንበብ የጀመርኩት። በጃፓንኛ መክሰስ ኦያትሱ ይባላል፤ ቃሉ የመጣው ከስምንት ነው፣ በድሮው የጃፓን የኤዶ ዘመን «ስምንተኛው» ከሚባለው የከሰዓት በኋላ ሰዓት። የሚገርመው በአማርኛ ሰዓትም ብንቆጥረው ስምንት ሰዓት ገደማ ላይ ይውላል። ፈረንሳዮች ለልጆች ጉቴ የሚባለውን መክሰስ የሚሰጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስዊድኖች ደግሞ የቅዳሜ ከረሜላ የሚባል ልማድ አላቸው፤ ልጅ ጣፋጭ የሚያገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ከኋላው ያለው ግን አያስደስትም። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሉንድ አቅራቢያ ቪፔሆልም በሚባል ተቋም፣ ፈቃዳቸውን መስጠት የማይችሉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ቶፊ ከረሜላ በገፍ እየተሰጣቸው የብዙዎቹ ጥርስ እስኪበሰብስ ተጠኑ። ትልቁ ጉዳት የመጠኑ ሳይሆን በምግቦች መሀል ደጋግሞ የመብላቱ፣ በተለይም የሚጣበቀውን፣ መሆኑ ታወቀ፤ የጤና ባለሥልጣናቱም በሳምንት አንዴ ብቻ ብለው መከሩ። ልማዱን ስወደው ይህንን አልረሳም። እኔ ቅምሻዬን አሥር ሰዓት ላይ ወስኛለሁ፤ እራቴ ተመልሷል።

አሁን ያለሁት ፓፓድ ላይ ነው፤ ከጥራጥሬ ዱቄት የሚሠራው ስስ የሕንድ ቂጣ። በ1959 በቦምቤይ ሰባት ሴቶች በ80 ሩፒ ብድር አንድ ሰገነት ላይ ፓፓድ መዳመጥ ጀምረው ሊጃት የተባለውን ግዙፍ የሴቶች ማኅበር መሠረቱ፤ እነሱ ከቻሉ እኔም እችላለሁ ብዬ ነው የገባሁት። ከኡራድ (ምስር መሰል ጥራጥሬ) ዱቄቱ ጋር አልካላይ ጨው ይገባል፤ የተጋገረችው ሶዳዬ እዚህም ሥራ አገኘች። ሊጡ ግን ደረቅ ሆኖ መቦካት አለበት፣ ደረቅ ሲሆን ደግሞ መዳመጫው ሥር ጠርዙ ይሰነጠቃል። ዘይት ቀብቼ በዘነዘና ወቀጥኩት፤ ትንሽ ተሻለው። ትናንት ማታ ካዳመጥኳቸው አሥራ ሁለት ስድስቱ ክብ ናቸው፤ ስድስቱ ካርታ ይመስላሉ። ሁሉም አሁን ጨርቅ ላይ ተዘርግተዋል። ፓፓድ የሠራችሁ ካላችሁ ለ250 ግራም ዱቄት ስንት ውኃ እንዳደረጋችሁ በግራም ንገሩኝ፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን መልስ ጠግቤዋለሁ።