ጉሬዛው ያመጣውን ዝንጀሮው ለበላው

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ይዤ በማለዳ ከጅማ ወጣሁ። በቦንጋ መንገድ ሰቃን አልፈን ደኑ ዳር ስንወርድ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ጭቃውን እየረገጥን አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ላይ ጉሬዛዎቹን አገኘናቸው። ስድስት ነበሩ። አንዷ እናት የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ግልገል ደረቷ ላይ ለጥፋለች።

«ይኼኛው ታሟል? ለምን ነጭ ሆነ?» አለ ልጁ።

ጉሬዛ ሲወለድ እንዲሁ ነው፤ ከራስ እስከ ጅራቱ ነጭ። ጥቁርና ነጩ ካባ የሚወጣለት ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። አውራ ጣት የሚባል ነገር እንደሌለው፣ በአራቱ ጣቶቹ ቅርንጫፉን እንደ መንጠቆ እየያዘ እንደሚወነጨፍ ስነግረው፣ ልጁ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጥፎ አጠገቡ ያለውን ሐረግ ለመጨበጥ ሞከረ። ደጋግሞ ሞከረ። እናቱ «በቃ፣ እንሂድ» እስክትለው ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

ስንመለስ በበቆሎ ማሳ መካከል የቆመ ማማ አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አናቱ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠችው አክስቴ ነበረች። እርሷን ለማየት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የለም። ጉሬዛው ግን እስከ ዛሬ በዚያ ዛፍ ላይ ያለው የእርሷና የጎረቤቶቿ ትከሻ ስለቻለው ነው። ዛሬ ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ስለዚህ ነው።

ደን ዳር የሚያርስ ሰው በቆሎው እሸት ከያዘበት ቀን አንሥቶ እስኪሰበስብ እንቅልፍ የለውም። ቀን ዝንጀሮ ነው፣ ሌሊት የዱር አሳማ። ጉሬዛ የዛፍ ቅጠል ስለሚበላ ገበሬው ብዙም ቂም የለውም። ዝንጀሮ ግን መንጋውን ይዞ ይመጣል፤ ሴትና ልጅ ሲጠብቅ ደግሞ ለይቶ ያውቃል፣ እንደ ወንድ አይፈራም። እኔም ያንን ማማ አውቀዋለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መስከረም ጠብቶ ጓደኞቼ አዲስ ደብተር ሲይዙ፣ በእኔ እጅ የነበረው ከቃጫ የተገመደ ወንጭፍ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ትምህርት ቤት ስመለስ የሒሳቡ ትምህርት ጥሎኝ ሄዷል። ያንን ዓመት ክፍል ደገምኩ።

አድጌ ጅማ ከገባሁ በኋላ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። መኪናው ከከተማ፣ ምሳው በላስቲክ ታስሮ ከከተማ፣ ክፍያውም እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። እንግዳው ጉሬዛውን አይቶ ይመለሳል። ለመንደሩ የሚቀርለት ባዶ የውኃ ጠርሙስ ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ልጄ፣ ጉሬዛውን አሳይተህ ተከፈልህ፤ እሰየው። ዝንጀሮው የበላብንንስ ለማን እንናገር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደኑ አንድ ነው፤ እንግዳ የሚወደውንም ገበሬ የሚረግመውንም የያዘው ያው ደን ነው። የአንደኛው ገቢ ከተማ ከገባና የሁለተኛው ዕዳ መንደር ከቀረ፣ ገበሬው መጥረቢያ ቢያነሣ በምን አፌ እወቅሰዋለሁ?

ከዚያ በኋላ ከዘጠኝ ቤተሰብ ጋር ተነጋግረን የራሳችንን ሥራ ጀመርን። እንግዳው የሚከፍለው መንደር ውስጥ ነው፤ የምትቀበለውም መዝገብ የያዘች አንዲት ጎረቤታችን ናት። ገንዘቡ ለሦስት ይከፈላል፦ አንዱ እጅ ለመሪው፣ አንዱ በተራዋ ቡና ለምታፈላና ምሳ ለምታበላ ሴት፣ አንዱ «የማማ» ብለን ለሰየምነው ሣጥን። በጽሑፍ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አራት ስብሰባ ፈጅቷል። ማሳቸው ከደኑ የራቀ ሰዎች «እኛስ?» አሉ፤ አልተሳሳቱም፣ ደኑ የእነርሱም ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ከሁሉ በፊት ለእንግዳ ማረፊያ ጎጆና ትልቅ ሰሌዳ እንሥራ አሉ። አክስቴ ነች የመለሰችላቸው፦ «መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። በቆሎዬ ሳይጠበቅ ለማን ነው ጎጆ የምሠራው?»

ያስቸገረን ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ሥራ ለሚያስቡ ሁሉ መናገር እወዳለሁ። እንግዳ የሚበዛው በበጋ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር። ዝንጀሮ የሚበዛው በነሐሴና በመስከረም ነው። በጥር የተገኘ ብር በጥር ካለቀ ነሐሴ ላይ ማማው ላይ የሚወጣው ያው ልጅ ነው። ስለዚህ የማማው ሣጥን እስከ ሐምሌ አይከፈትም። በሐምሌ ሁለት ወጣቶች ለሌሊት ጥበቃ ይቀጠራሉ። ቀኑን ለመሸፈን ገንዘቡ ገና አልበቃም፤ አዋቂዎቹ በተራ ይወጣሉ፣ ለዚህ ነው አክስቴን እዚያ ያየናት። በትምህርት ቀን ግን ልጅ ማማ ላይ አይወጣም። የአክስቴ ትንሿ ልጅ ዘንድሮ የተመዘገበችው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

መሠረቱን የጣልነው እኛ አይደለንም። በጅማ ዞን፣ «በለጠ ጌራ» በተባለው ደን፣ የአካባቢው ነዋሪ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ከመንግሥት ጋር እንዲያስተዳድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ በጃፓን መንግሥት የልማት ድርጅት ጃይካ ድጋፍ ነበር። ማኅበሮቹ በኦሮምኛ ምሕጻር ዋቡብ ይባላሉ። ኋላም የደኑ ቡና፣ ሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ደን ሳይጎዳ ለተመረተ ምርት የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት አገኘ። ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል አመሳክረው ሲያዩ፣ የምስክር ወረቀት ያለው ቡና የሚለቀምበት ደን ከሌላው ይልቅ ከመራቆት ተርፎ ተገኘ። እኔን አልገረመኝም። ቡናው በጥላ ሥር ነው የሚኖረው፤ ጥላውን የቆረጠ ቡናውን ቆረጠ። ራቅ ብለን ካየንም የመንዝ ሰዎች ጓሳ የተባለውን የሣር ምድራቸውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ሲከልሉና ሲከፍቱ ኖረዋል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ፤ እንግዳ የሚያድርበትን ቤትም የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ነው።

ቱሪዝም ብቻውን ደን ያድናል የሚል ካለ ግን አልስማማም። የእኛን ቤት የሚያቆመው ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው ነው። እንግዳ የሚያመጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ገንዘብ በትክክለኛው ወር፣ በትክክለኛው ማሳ ላይ ሲውል ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ዕለት የቡናው ተራ የአክስቴ ነበር። ጎረቤቷ ማማውን ተክቷት ወረደችና እጇን ታጥባ የደን ቡና ቆላች። ጭሱን ወደ እንግዶቹ እያራገበች ሳለ ልጁ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወንጭፍ አየ። ሁለተኛው ስኒ ከተጠጣ በኋላ ደጅ ይዛው ወጣች፤ ድንጋዩን ወንጭፉ ላይ አስቀመጠችለትና ክንዱን ይዛ አዞረችው። የመጀመሪያው እግሩ ሥር ወደቀ። ሁለተኛው ከበቆሎው በላይ አልፎ ደኑ ጠርዝ ላይ አረፈ፣ ከዚያም ውስጥ አንድ ዝንጀሮ ጮኸ።

«ሰምቶሃል» አለችው።