ጠጠሩን አሳየን

«የምን ቀዶ ጥገና ነው?»

ይቺ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ቤት ሠርታለች። ጥርሴን ስቦርሽ ትመጣለች። ሻይ ሳማስል ትመጣለች። ሌሊት ለመገላበጥ ስሞክር ከሕመሙ ቀድማ የምትነቃው እሷ ናት። የጠየቀችኝ የፋርማሲ ልጅ ሥራዋን ነው የሠራችው። ድምጿ ግን ለፋርማሲ የተሠራ አይደለም፤ መነኸሪያ ቆማ «ደብረ ዘይት! ናዝሬት!» ብትል ነበር የሚያምርባት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ስኳር አለብኝ። ስኳር ዓይንና እግር ብቻ አይደለም የሚነካው። ቀስ ብሎ ነርቩንና ደም ሥሩን ይጎዳና ወንድን ልጅ መኝታ ቤቱ ድረስ ገብቶ ያዋርደዋል። ኪኒኑም አልሆነ፣ መርፌውም አልሆነ። ህንድ ሄጄ ወንድነትን የሚመልስ ዕቃ ተተከለልኝ። ሁለት ሲሊንደር እዛው ውስጥ፣ ትንሽዬ ፓምፕ ከቆለጥ ጋር፣ የጨው ውሃ የያዘ ከረጢት ደግሞ ከሽንት ፊኛ አጠገብ። ፓምፑን ስትጫን ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። የቀረው ይገባችኋል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ብራንትሊ ስኮት የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህን በውሃ የሚሞላውን ዓይነት ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ እኛ ንጉሡን ልናወርድ ዓመት ሲቀረን። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግን ወሬው ገና አልደረሰም። እንዲደርስም አልፈለግንም። ለጎረቤት «የኩላሊት ጠጠር ነው» ተባለ።

የኩላሊት ጠጠር የተከበረ ሕመም ነው። ማንም አይስቅበትም። ጣጣው፣ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆንብሃል። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ የገባ ሁሉ ትእዛዝ ሰጥቶኝ ይወጣል። አንዱ «ቢራ ጠጣ» ይላል።

«ወጥቷል እኮ።»

«የቀረውን ያጥብልሃላ!»

ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ እየወሰዱ መጠጥ መጠጣት ትንፋሽ እንደሚያሳጣ ለማን ላስረዳ? ከታች ፎቅ ያሉት እማማ ደግሞ ባሱ። ኮመዲኖው ላይ ፓራሲታሞል ሲያዩ «ኩላሊት ያለበት ሰው ኪኒን ይውጣል?» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ወጡ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ደርሳ በልመና አስመለሰች።

ከዚያ የዕድራችን ዳኛ መጡ። ዕድሜያቸውን መንገድ ሥራ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ቡናቸውን ፉት አሉና፣

«በል ጠጠሩን አሳየን» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ጠጠሩን ነዋ! ለእህቴ በብልቃጥ አድርገው ነው የሰጧት።»

ሳሎን ያለው ሰው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ባለቤቴ ፈጣን ናት። «ለጎረቤት ሳሳይ እዛው ትቼው ነው፣ ላምጣው» ብላ ወረደች። ከብሎካችን ጀርባ ሰው ለግንባታ ያራገፈው ጠጠር ተቆልሏል። እኛ ሰፈር ግንባታ አያልቅም። እሺ፣ ደቃቁን፣ 00 የሚባለውን ብታነሳ ምን ነበረበት? 01 እንኳን ቢሆን በጸሎት ይታመን ነበር። 02 ይዛ መጣች! ኮንክሪት የሚሞላበትን! የሽሮፕ ብልቃጥ አፉ አልበቃ ስላላት ባዶ የሚጥሚጣ ዕቃ ውስጥ ጨምራዋለች።

ጠጠሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «በስመ አብ!» አሉ። «ማዕዘኑን አያችሁት?» አሉ። አንዷ አሸተተችውና አስነጠሳት፤ «ለካ ይህ ነው ሲያቃጥለው የኖረው» አለች። አንድ ጎረምሳ በስልኩ ፎቶ አነሳው። እማማ «ይሄን ተሸክመህ ነው ስትሠራ የነበረው?» ብለው እንባቸው መጣ። ጠጠሩ ከእኔ በላይ ታዘነለት። በመጨረሻ ዳኛው ዘንድ ደረሰ። መነጽራቸውን አጠለቁ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። እኔ መተንፈስ አቁሜያለሁ።

«ጥቁር ድንጋይ ነው» አሉ። «የሰው ገላ ስንት ጉድ ያበቅላል!»

ከዚያ ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ኦፕራሲዮን እምቢ ያለ ባለ ጠጠር አማች አላቸው፤ ሊያስፈራሩበት ነው።

አሁን ስለ ሕመሙ ላውራ፤ ማንም አያወራውም። ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ጠባብ ፓንት፣ ወደ እምብርት ቀና አድርጎ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ትንሽ ትንሽ መያዝ። መብራት በሄደ ቁጥር በረዶውም አብሮ ይሄዳል። ፓራሲታሞል ባለ 500ውን ሁለት ሁለት፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ። አልቻልኩም ስል ብቻ ትራማዶል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለእኔ ክልክል ናቸው፤ ስኳሩ ኩላሊቴን ነካክቶታል። (ስለዚህ ኩላሊት ያልነው ንጹሕ ውሸት አይደለም።)

ዋናው ነገር ሰዓት ጠብቆ መዋጥ ነው። ሕመሙን አስነስተህ ብትውጥ መልሶ ለማስተኛት ስንት ጭቅጭቅ አለው። ወረቀቱ 8፣ 2፣ 8፣ 2 ይላል። ባለቤቴ «በፈረንጅ ነው» አለች። ወንድሟ «የለም፣ አበሻ መሆኑን አይተው በእኛ ነው የጻፉለት» አለ። ክርክሩ ጦፈ። እራት ቀዘቀዘ። እኔ ትራስ ነክሼ ፍርድ እጠብቃለሁ። የፈረንጁ 8 የእኛ 2፣ የፈረንጁ 2 የእኛ 8 መሆኑ ትዝ ያለን ውዝግቡ ካለቀ በኋላ ነው። በማንኛውም ብትቆጥረው ያው ነው!

ትራማዶሉ ደግሞ ሕመሙን ሲያስተኛ አንጀቴንም አብሮ አስተኛው። ማማጥ እዛ ሰፈር ላይ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። ተልባ ባይኖር ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

እና ትራማዶሉ አለቀ። ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ወጣሁ። ለሹፌሩ «ቀስ በል ወንድሜ» አልኩት። «ችግር የለም ፋዘር» አለና የመጀመሪያውን ጉድጓድ ዘለለው። ከሲሊንደሩ እስከ ከረጢቱ እያንዳንዱ ዕቃ የት የት እንደተገጠመ ያን ጊዜ በሚገባ አወቅሁ።

ፋርማሲው ሞልቷል። ልጅቷ ወረቀቴን አየችው።

«ትራማዶል በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው። የውጭ ወረቀት አንቀበልም። የምን ቀዶ ጥገና ነው?»

«የታች» አልኩ በሹክሹክታ።

«የእግር?»

«ከእግር ከፍ ያለ።»

«የሆድ?»

«ከሆድ ዝቅ ያለ።»

ታከታት። ወረቀቱን ወደ ጓዳ አዙራ፣ «ፒናይል ኢምፕላንት ይላል! እኛ ጋ ያለ ነገር ነው?» ብላ ጮኸች። ከጓዳ አንድ የወንድ ድምፅ፣ በእጥፍ ጮክ ብሎ፣ «የወንድ ብልት ተከላ ነው!» አለ።

ዳይፐር የምትመርጥ ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። ከኋላዬ ጉሮሮ ተጠረገ። ዞርኩ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሊገዙ የመጡት የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ፊቴን አዩ። ቀጥለው ወደ ታች አዩ። ተመልሰው ፊቴን አዩ።

«ታዲያ ጠጠሩስ?» አሉ።

ሕጉን አልቃወምም። ትራማዶል ስንቱን ሱሰኛ እንዳደረገ አይቻለሁ፣ እንደ ከረሜላ ይሸጥ አላልኩም። ግን ድምፅ መቀነስም ልዩ ማዘዣ ይፈልጋል? ሰው ሕመሙን ተሸክሞ ባንኮኒ ፊት ሲቆም አንድ ጥግ፣ አንድ መጋረጃ ይጠፋል? የኮንዶም ካርቶን እንኳን በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡ የለም እንዴ! በዚያው ባጃጅ፣ በዚያው ጉድጓድ ክሊኒክ ሄጄ በልዩ ማዘዣ አጻፍኩ። ሐኪሙ ከመጠየቁ በፊት በሩን ዘጋ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ለጥቂት ቀን ዳኛውን ስሸሽ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ማታ፣ ጎረቤት ሳሎን ሞልቶ ቡና ሲጠጣ፣ በሩን አንኳኩተው ገቡ። እማማ አሉ። ፎቶ ያነሳው ጎረምሳም አለ። ዳኛው ኪሳቸው ገብተው የሚጥሚጣውን ዕቃ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አደረጉት።

«ዕቃህን ይዤልህ መጥቻለሁ» አሉ።

ባለቤቴ ሳቋን ይዛ ወደ ኩሽና ሮጠች። እኔ ወለሉን እያየሁ ነው። ዳኛው አጠገቤ ተቀመጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አማቼ ጠጠሩን አይቶ በማግስቱ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ በሙሉ እኔን እየመረቀ ነው። አሁን ወጥተህ እውነቱን ብትናገር የምታዋርደኝ እኔን ነው፤ ገባህ? ጠጠር ነው። አለቀ።»