የቡድሂዝም ጥበብ ጥናቴ የት ደረሰ?

የዘመን ዝርዝር መሸምደዱ ብዙም አላራመደኝም። የያዘልኝ ዘዴ የአንድ ተመራማሪን የሥራ ሕይወት እግር በእግር መከተል ነው። የመረጥኩት አናንዳ ኩማራስዋሚን ነው። በ1877 እ.ኤ.አ. ኮሎምቦ የተወለደ፣ በሥነ ምድር የሠለጠነ ሰው ነው፤ በሲሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) የማዕድን ጥናት ኃላፊ ነበር። ከ1917 ጀምሮ ግን ለ30 ዓመት ያህል የሠራው በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። («የተማርኩት ሌላ ነው» እያላችሁ ለምታመነቱ!)

ደጋግሜ የምመለስበት ክርክሩ ነው። ፈረንሳዊው ምሁር አልፍሬድ ፉሼ ቡድሃ መጀመሪያ በሰው መልክ የተቀረጸው ጋንዳራ (በዛሬዋ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ያለ ጥንታዊ ግዛት) ውስጥ፣ በግሪክ ጥበብ ተጽዕኖ ነው ይል ነበር። ኩማራስዋሚ በ1927 «የለም፣ የሰሜን ህንዷ ማቱራ ቀራጮች ከአገራቸው የያክሻ (የተፈጥሮ መንፈስ) ሐውልቶች ተነስተው በራሳቸው ደርሰውበታል» ሲል ሞገተው።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ የሐውልት ፎቶ ሲገጥመኝ መግለጫውን ሸፍኜ ከድንጋዩ እጀምራለሁ። ግራጫ ሺስት (ንብርብር ድንጋይ)፣ ሁለቱንም ትከሻ የሸፈነ ከባድ እጥፋት ያለው ልብስ፣ ሞገድ የመሰለ ፀጉር ካየሁ ጋንዳራ እላለሁ። ነጠብጣብ ያለው ቀይ አሸዋማ ድንጋይ፣ ገላ ላይ የተጣበቀ ስስ ልብስ፣ የተራቆተ ቀኝ ትከሻ ከሆነ ደግሞ ማቱራ። ፊቱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፊት ያዘናጋል።

አሁን ያለሁት ቡድሃ በሰው መልክ ከመቀረጹ በፊት በነበረው ዘመን፣ መካከለኛው ህንድ ውስጥ ሳንቺ ላይ ነው። በታላቁ ስቱፓ (ጉልላት መሰል የቡድሂስቶች ቅዱስ ሕንፃ) ምሥራቅ በር ላይ ልዑሉ፣ ማለትም በኋላ ቡድሃ የሆነው፣ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ሲወጣ ተቀርጿል፤ ልዑሉ ግን በሰው መልክ የለም፣ በምልክት ብቻ ይጠቆማል። ፈረሱ ተደጋግሞ ይታያል፣ ባዶው ኮርቻ ላይ ጃንጥላ ተይዞለታል። ዳር ላይ ጃንጥላው ወደ እግር አሻራ ይዞራል፤ ፈረሱ ያለ ጃንጥላ ይመለሳል።

የጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ሱዛን ሐንቲንግተን በ1990 ከእነዚህ ቅርጾች ብዙዎቹ የቡድሃን ሕይወት ሳይሆን በኋላ ምእመናን ቅዱሳን ሥፍራዎችን ሲሳለሙ ያሳያሉ አለች። ለብዙ የዛፍ ትዕይንቶች (ቡድሃ የበራለት ዛፍ ሥር ነው) ያስኬዳል፤ ይህ ፈረስ ላይ ግን አልዋጥ አለኝ። በዓመቱ ሌላዋ ተመራማሪ ቪድያ ደሄጂያ የሰጠችው መልስ ይበልጥ ይጥመኛል፤ አንዱ ዛፍ ሥፍራውንም፣ ድርጊቱንም፣ ቡድሃንም በአንድ ጊዜ ሊያመለክት ይችላል ትላለች።

ቀጥሎ ደቡብ ህንድ ወዳለው አማራቫቲ እገባለሁ። እዚያ ባዶ ዙፋንም፣ በሰው መልክ የተቀረጸ ቡድሃም በአንድ ስቱፓ ላይ ይገኛሉ። ከጎን ብርሃን የተነሳ ጥርት ያለ ፎቶ ያላችሁ ወዲህ በሉኝ።