ለአሮጌ ሞተር ሳይክል መለዋወጫ ከውጭ ስናዝዝ

በድሬዳዋ አሮጌ ሞተር ሳይክል ይዞ መኖር የሚከብደው ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ከደረሰ ወዲህ ከተማዋ የብረት ሠራተኛ አጥታ አታውቅም፤ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሙያ የቀሰሙ አዛውንቶች ዛሬም በቶርኖ የማያወጡት ዕቃ ጥቂት ነው። የሚከብደው በገበያ የሌለውን መለዋወጫ ሳያዩና ሳይነኩ በኢንተርኔት ማዘዝ ነው፤ በተለይ እንደ እኔ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ያማሃ ዲቲ 125 ላለው ሰው። ስለዚህ ነገር የሚጠይቁኝ ወዳጆች ስለበዙ የማውቀውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ከውጭ መታዘዝ የማያስፈልገውን መለየት ይገባል። ኩሺኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ሲያልቅ ብዙ ሰው የሞተሩን ስም ጽፎ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ኩሺኔታው ተፈትቶ ጠርዙ በጨርቅ ሲወለወል የተቀረጸ ቁጥር ይገኝበታል። 6204 የሚል ከሆነ ማንም ይሥራው ማን የውስጥ ስፋቱ 20፣ የውጭ ስፋቱ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅም ይኖረዋል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሲ3 የሚል ምልክት ካለ እሱም መነገር አለበት፤ ኩሺኔታው ሲሞቅ ለሚለጠጥበት ተጨማሪ ክፍተት ያለው መሆኑን የሚያመለክት ነውና። ሰንሰለትም እንዲሁ ነው፤ 428 ማለት ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰንሰለት ነው። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ኤንጂኬ በሚሠራው ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ ሲሆን፣ ቦሽ በሚሠራው ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሙቅ ይሆናል።

በእርግጥ ከውጭ መምጣት ያለባቸው ፒስተን፣ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች)፣ የካርቡራተር የውስጥ ዕቃዎችና ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠሩ ጎሚኒዎች (ዘይትና አየር የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች) ናቸው። እነዚህን በፎቶ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው እላለሁ። ዲቲ 125 የሚል ስም ይዞ በአየር የሚቀዘቅዝም በውሃ የሚቀዘቅዝም ሞተር ተሠርቷል፤ የአንዱ ፒስተን ለሌላው ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ሻጩን ከማነጋገር በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ሳይሆን ከብረቱ ላይ አንብቦ፣ በዚያ ቁጥር የሞዴሉን የመለዋወጫ ካታሎግ ማግኘት ያሻል። በያማሃ የዕቃ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያሉት ሦስት ምልክቶች ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል፣ ቀጥለው ያሉት አምስት አሃዞች ደግሞ የዕቃውን ዓይነት ያመለክታሉ፤ 11631 መደበኛ ፒስተን ነው፣ 11635 በ0.25 ሚሊ ሜትር፣ 11636 በ0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ ነው። ሻጩ ይህን ቁጥር ጠይቀነው መመለስ ካልቻለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አልፈዋለሁ።

የእኔ ሲሊንደር በመደበኛው 56 ሚሊ ሜትር ነበር። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ሲለካ ግን መካከሉ ተበልቶ ተገኘ። ከከዚራ ሰፈር ብዙም በማይርቅ ቤት የሚሠሩት ባለ ቶርኖ አዛውንት ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል አየት አድርገው፣ «አቦ፣ ፎቶውን ተወውና ፒስተኑን ራሱን አምጣልኝ፤ ሲሊንደሩን በእሱ ልክ ነው የማወጣው» አሉኝ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የሰፋው ፒስተን መጥቶ በእጅ ከገባና ከተለካ በኋላ ሲሊንደሩ ይሰፋል፤ አስቀድሞ ያሰፋ ሰው የሚስማማውን ፒስተን እስኪያገኝ ሞተሩ ቆሞ ይከርማል።

ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያታልለው «ያልተነካ የድሮ ኦሪጅናል ዕቃ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ለብረት እውነት ነው፤ በዘይት ተቀብቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ አርባ ዓመት የተቀመጠ የማርሽ ጥርስ ከአዲስ አይተናነስም። ለጎሚኒ ግን አይሠራም፤ ጎሚኒ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፣ ይደርቃል። የእኔው ዓይነት ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ በዘንጉ ግራና ቀኝ ያለው ጎሚኒ ዘይት ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ የሞተሩ ሆድ አየር ሳያስገባ እንዲስብ የሚያደርገውም እሱ ነው። ደርቆ አየር ካስገባ የቤንዚኑ ድርሻ ያንሳል፣ ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። በእኛ ከተማ ሙቀት ይህ ፈጥኖ ይመጣል። ስለዚህ ጎሚኒ ሁልጊዜ በቅርብ የተመረተ ይሁን፤ ልኩም ብዙ ጊዜ በላዩ ተጽፏልና (የውስጡ ስፋት፣ የውጩ ስፋት፣ ውፍረቱ) ከሌላ አምራች መግዛትም ይቻላል።

ስለ ክፍያና ስለ ማጓጓዣ ብዙ አልልም። ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮበት በመሆኑ፣ ትንንሽ ዕቃዎችን በየጊዜው ከማዘዝ አጠራቅሞ በአንድ ጥቅል ማስመጣት ይሻላል። አድራሻው ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ስልክ ቁጥርም መጻፍ አለበት።

በሚቀጥለው ጥቅል ከፋሻው ጋር የማስመጣው ለሚኩኒ ካርቡራተሬ ጥቂት ጂግለሮችን (ቤንዚኑን በቀዳዳቸው የሚመጥኑ ትንንሽ ዕቃዎች) ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ በደንገጎ ዳገት ወጥተን የምንደርስባት ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ለታች የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። በሚኩኒ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ስለሚጠብ፣ አሁን ካለኝ አንድና ሁለት ደረጃ ዝቅ የሚሉትን አዝዣለሁ። ወደ ታች ስመለስ ግን የቀድሞውን መልሼ አስገባለሁ፤ ለሐረር የጠበበው ጂግለር በድሬዳዋ ሞተሩን ያቃጥላል።