አዝማችና የገዳም ግድግዳ

ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ ያለ አሳታሚ፣ የራስን ዘፈን እየደረሱ መኖር ማለት ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቀረጻውን፣ የሽፋኑን ሥዕልና የማስተዋወቁን ሥራ ሁሉ አንድ ሰው ይሸከመዋል ማለት ነው። እኔ በዚህ ላይ ኮሚክ አጠናለሁ፤ በተከታታይ ሥዕሎች ታሪክ እንዴት እንደሚነገር፣ ዓይን ከአንዱ የሥዕል ሣጥን ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደሚሻገር፣ አንባቢውም በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በምን እንደሚሞላው እመረምራለሁ። ሁለቱ ነገሮች ፈጽሞ የማይገናኙ የሚመስላቸው ዘመዶቼ «አንዱን ያዢ» ይሉኛል። ምክራቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን ባውቅም፣ ዘፈኖቼ መልክ መያዝ የጀመሩት ሥዕል ማጥናት ከጀመርሁ ወዲህ ስለሆነ ልቀበላቸው አልቻልሁም።

ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ አዝማች ነው። አዝማች ሰው በቀላሉ ይዞት አብሮ እንዲያዜመው የሚደጋገም ክፍል ነው ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ተግባሩ ይህ ብቻ ከሆነ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አድማጩ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። ማታ ማታ በሆቴል የሚዘፍን ሰው ይህን ከመድረኩ ላይ ሆኖ በገዛ ዓይኑ ያየዋል። ተደጋጋሚው ነገር ሳይለወጥ እንዴት አዲስ ሆኖ ይመጣል የሚለውን ጥያቄ የመለሰልኝ የሙዚቃ መጽሐፍ ሳይሆን በጣና ሐይቅ ያለው የዘጌ ገዳም ግድግዳ ነው።

በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚገባ ሰው፣ በክቡ ቤተ ክርስቲያን መካከል አራት ማዕዘን የሆነውን መቅደስ ያገኛል፤ የመቅደሱም ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ሥዕሎቹ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ተመልካቹ ገጽ በመግለጥ ፈንታ በእግሩ እየዞረ ያነባቸዋል። ይህ ኮሚክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ገና የሚያልቅ አይመስለኝም፤ እኔንም ብዙ አያስጨንቀኝም። በአዲስ አበባ ለሽያጭ የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ሥዕሎች ተከፋፍሎ ሲቀርብ፣ ገዢው ያለ አስተማሪ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ያነበዋል፤ ለእኔ ይህ በቂ ነው።

በዚህ የሥዕል ባህል ውስጥ አብልጬ የማጠናው የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነው። ሰውየው በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው 78 ነፍስ የበላ፣ ለገዛ ቤተሰቡ እንኳ ያልራራ ሲሆን፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ ጥርኝ ውሃ ስላጠጣ በፍርድ ቀን ምሕረት አግኝቷል። በባህላዊው የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ሲያዩን፣ ክፉዎች በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ ተመልካቹ ጽሑፉን ሳያነብ ማን ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ውሃው ነው። በታሪኩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ በተጠማው ሰው እፍኝ፣ በኋላም በሚዛኑ ላይ። አንዲት ጠብታ አልተጨመረችበትም። ሆኖም በአንዱ የሚዛን ወገን የ78 ነፍሳት ክምር ከተቀመጠና የእመቤታችን ጥላ በውሃው ላይ ካረፈ በኋላ፣ ያ ጥርኝ ውሃ ሌላ ነገር ሆኗል። ጥሩ አዝማችም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ሳይነካ፣ ከፊቱ የተቀመጠው ነገር ክብደቱን ይለውጠዋል።

ሴት በመሆኔ ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ገብቼ ማየት አልችልም። ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፤ ለጥናቴ ግን ጉድለት መሆኑን አልደብቅም። ወንዶች ብቻ ከሚገቡባቸው ገዳማት በአንዱ የሚገኘውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል ወንድሜ በአባቶች ፈቃድ በስልኩ አንሥቶልኝ ነበር። እሱ እግሩ እንደመራው ከመጨረሻው ሥዕል ጀምሮ ወደ ኋላ ስላነሣ፣ ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ ሲደረደሩ ሰማዕቱ መጀመሪያ አንገቱ ተቆረጠ፤ ከዚያ ዐፅሙ ተፈጭቶ በደብረ ይድራስ ተበተነ፤ ከዚያም በመንኮራኩር ተፈተነ። የሚገርመው፣ ታሪኩ አልፈረሰም። ቅዱሱ በገድሉ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ስለሚነሣ፣ መነሣቱ እንደ አዝማች እየተመላለሰ ትረካውን ከየትኛውም ወገን ቢጀመር አስተሳስሮ ይይዘዋል። ፎቶዎቹን እስካሁን አላስተካከልኋቸውም።

ስለ ኑሮው ጥቂት ልበል። በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ የሆቴሉም መድረክ ይቀዘቅዛል፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚያኖረኝ ለትምህርት ቤትና ለጤና ትምህርት የሚሆኑ ሥዕሎችን መሣል ነው። ቀረጻ የማደርገው ባጃጆች ጋብ ሲሉ በሌሊት ሲሆን፣ መብራት ከሄደ የዚያ ሌሊት ሥራ እዚያው ያበቃል። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ዘፈኖቼ በፍላሽና በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ነበር፤ ገንዘብ ባላገኝበትም፣ ገበያ ውስጥ የራሴን ድምፅ ከማላውቀው ሰው ስልክ ሰምቻለሁ። ያለ አሳታሚ መሥራት የዛሬ ልጆች ፈሊጥ ነው የሚሉኝ ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የአገር ፍቅር ማኅበር በብቸኝነት ይዞት የነበረውን የሸክላ ኅትመት ደፍሮ በግሉ እንደጀመረ ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል።

አሁን የያዝሁት ዘፈን ከዘጌ የማገዶ እንጨት በታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ስለሚመጣ ሰውና ቤት ሆና ስለምትጠብቀው ሚስቱ ነው። ቅኝቱ አምባሰል ነው። ከግጥሙ በፊት ሦስት ሣጥኖች ሣልሁ፤ በሦስቱም ውስጥ ያለው ያው በር ነው። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

ውሃውም ያው ውሃ፣ ታንኳውም ያው ታንኳ፣
ማነው በዚህ ሌሊት ደጄን የሚያንኳኳ?

በመጀመሪያው ሣጥን ባልየው እንጨቱን ሸጦ ተመልሷል፤ ጥያቄው ጨዋታ ነው። በሁለተኛው አበዳሪ መጥቷል። ሦስተኛው ላይ ታንኳው ባዶውን ከደንገሉ መካከል ቆሞ ከበሩ ጀርባ ይታያል። ሰውየው መስጠሙን የሚናገር ስንኝ ጽፌ ነበር። ማሲንቆ የሚመቱልኝ አዛውንት ግጥሙን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «አንቺ ልጅ፣ ሁሉን ከነገርሽን እኛ ምን ልንሠራ መጣን?» አሉኝ። እሳቸው ኮሚክ የሚባል ነገር በእጃቸው ይዘው አያውቁም፤ በሣጥኖች መካከል ስላለው ባዶ ቦታ ካነበብሁት ሁሉ ግን የእሳቸው አባባል ይበልጥብኛል። ስንኙን አወጣሁት።

ያልተስማማነው በመጨረሻው አዝማች ላይ ነው። እሳቸው ቃሉ ቀርቶ ማሲንቆው ብቻውን ይበለው ይላሉ፤ ሰው ግጥሙን በልቡ ስለያዘው መዝፈን አያስፈልግም ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ሴትየዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ ድምፅዋ መሰማት አለበት እላለሁ፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ሣጥን በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በጾም ማሲንቆ ስለማይነኩ ቀረጻው ከፋሲካ በኋላ ይሆናል፤ ያኔ የሠርጉ ጥሪ ሳይበዛባቸው ቶሎ ከደረስሁባቸው ሁለቱንም ዐይነት እንቀርጻለን።